ከኦፓል ጉድጓድ ወደ መዝገብ ቤት፤ እንደ ጀርመኑ ሰውዬ የሆነ አለ?

የደላንታው (ደሴ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደላንታ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ስቆፍር ነበር የኖርኩት። ወገቤ ከተጎዳ ወዲህ ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ታውቁታላችሁ፣ እኛ ጋ መዝገብ ቤት የሚላከው አለቃው የጠመደው ሰው ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። የጦሳ ጭጋግ ሲወርድ ግድግዳው ያልበዋል፤ ፋይሉ ወለል ላይ ተከምሯል። በቀደም አንድ ልጅ “ጀርመን አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የነበረ ሰው መዛግብት ጠባቂ ሆኖ ጡረታ ወጣ” ብሎ አጫወተኝ። ወሬ ነው እውነት? እውነት ከሆነስ ቆፋሪነቱ ለወረቀት ሥራ ምን ይጠቅመዋል?

ቦኹም ያለሁት፦
አብሽር ወንድሜ፣ እውነት ነው። አንዱ ጎረቤቴ ነበሩ። ከመሬት በታች የገቡት በ14 ዓመታቸው ነው። ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነዳጅ እየረከሰ ከሰል ገዢ አጣ። ጉድጓዶቹ በየተራ ተዘጉ፤ የኩባንያዎቹ ወረቀትም ሜዳ ላይ ሊቀር ሆነ። እሱን ለመሰብሰብ በ1969 እዚህ ጀርመን፣ ቦኹም ከተማ፣ የማዕድን ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። “ሃኖቨር” የሚባለው የከተማዋ የመጨረሻ ጉድጓድ በ1973 ሲዘጋ ሰውዬው ሥራ ፈቱ፤ ኋላ ወደ ወረቀቱ ዞሩ።

ምን ጠቀማቸው ላልከው፣ የተማሩት ደብዳቤውን ያነባሉ። የጉድጓድ ፕላን ሲዘረጋ ግን እሳቸው ይጠራሉ። ጣታቸው ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለ፤ ቁስል ውስጥ የገባ የከሰል ብናኝ ነው፣ ቆዳ ሥር ቀርቶ። በዚያ ጣት መስመሩን እየተከተሉ “ይሄ አየር ማስገቢያ ነው፣ እዚህ ውሃ ገብቶብን ነበር፣ ይሄኛውን የሣለው ሰው ታች ወርዶ አያውቅም” ይላሉ። የመጨረሻዋን ሲሉ ሁሌም ይስቃሉ።

ፕላኑ ደግሞ ለታሪክ ብቻ አይደለም። በ2000 መጀመሪያ ላይ እዚሁ ቦኹም፣ ዋተንሻይድ ውስጥ፣ መሬቱ ድንገት ተደርምሶ ጋራዥ ከነመኪናው ዋጠ። ከሥሩ የድሮ ጉድጓድ ነበር።

የሸዋበሯ፦
ጀርመን እኮ ለወረቀትም ብር አለው። እኛ መደርደሪያ ለማስገዛት ስንት ፊርማ!

ቦኹም ያለሁት፦
ብርማ እዚሁ ጀርመን ያለችው ኮሎኝ ከተማም ነበራት እህቴ። በ2009 አጠገቡ የባቡር መሿለኪያ ሲሠራ የከተማው ቤተ መዛግብት ከጎረቤት ቤቶች ጋር ተደርምሶ ሁለት ሰው ሞተ። ስንት ዘመን የተጠበቀ ሰነድ ጭቃ ውስጥ ገባ። በአንጻሩ ፍራይቡርግ አካባቢ አንድ የድሮ የማዕድን ዋሻ አለ፤ ከ1975 ጀምሮ የአገሪቱ ሰነዶች ማይክሮፊልም (በፊልም ላይ አሳንሶ የተነሣ ቅጂ) በብረት በርሜል ታሽጎ እዚያ ይቀመጣል። ቆፋሪ የተወው ጉድጓድ ነው እንግዲህ።

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛ፦
እኛ ቆላዎቹን ያስቸገረን ጭጋግ ሳይሆን ምስጥ ነው። ልጄ፣ መደርደሪያ እስኪገዛ ጣውላ ለምነህም ቢሆን ፋይሉን ከወለል አንሣው፣ ከግድግዳም አርቀው። የዛገ ስፒል እያየህ አውጣ። ፌስታል ውስጥ አትክተት፤ ይሻግታል። ደግሞ አዲስ ሰው ሁሉ “ላስተካክል” እያለ የሚያበላሸው ነገር አለ፤ የአንዱን ማኅበር ወረቀት ከሌላው ጋር አትቀላቅል። የመጣበትን ቅደም ተከተል ጠብቅለት። አዲስ አበባ ስትሄድ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ጋ፣ ጎራ በል፣ እንዴት እንደሚይዙ አይተህ ትመለሳለህ።

የደላንታው (ደሴ)፦
አላህ ይስጥልኝ አባባ። አንድ ነገር ልጨምር። ክምሩ ውስጥ የኦፓል ማኅበራት ፋይል አለ። አንዳንዱ ላይ ዋሻው ከገደሉ በየት ገብቶ ወዴት እንደታጠፈ በእስክሪብቶ ተሥሏል። እዚያ ዋሻ እየተናደ ሰው ይቀራል፤ አዲስ የሚገባው ልጅ ከጎኑ ያለውን የድሮ ጉድጓድ አያውቀውም። እኔ ሥዕሉን ሳየው የቱ ገደል እንደሆነ አውቃለሁ። ጀርባው ላይ ልጻፍበት?

ኮምቦልቻ፣ ጡረተኛ፦
ኧረ ሥዕሉ ላይ አትጻፍ! በሌላ ወረቀት ጻፍና የማኅበሩን ስምና የፋይሉን ቁጥር አድርግበት። ስምህንም ጨምር፣ ጠያቂ ሲመጣ አንተን ይፈልግ። እስክሪብቶ ይለቃል፣ እርሳስ ይሻላል።