የወጣቶች ኦርኬስትራ ማኅበር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የመጪው ዓመት ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ አራት ገጽ ሞልቷል፤ ሦስቱ ገጽ ግን ስለ ኮንሰርት ነው። ስለ መሣሪያ ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ። ይህ መገልበጥ ያለበት ይመስለኛል። ኮንሰርት በዓመት ሁለት ቀን ነው፣ ቫዮሊኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ልጁ እጅ ላይ ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ልጁ ልምምድ ያቆማል፣ ልምምድ ያቆመ ልጅ ደግሞ በወሩ ይቀራል። በቦርዱ አወቃቀር፣ በመሣሪያ ውሰት፣ በበጀትና በልጆች ደኅንነት ላይ አስተያየት ስጡ። «ቢደረግ መልካም ነው» ብቻ አይበቃም፤ ማን፣ መቼ፣ በስንት የሚለው ይጨመርበት። የትኛው ሥራ ይጫወት የሚለው ግን የኮንዳክተሩ (የኦርኬስትራው መሪ) ሥልጣን ስለሆነ እዚህ አይነሳም።

የመሣሪያ ኃላፊ፦
እስማማለሁ። መዝገቡ ላይ ያሉን 24 ቫዮሊን፣ 6 ቪዮላ፣ 6 ቼሎ፣ 2 ደብል ቤዝ፣ 4 ፍሉት፣ 4 ክላሪኔት፣ 3 ትራምፔትና 2 ትሮምቦን ናቸው፤ ድምር 51። ረቂቁ «ተጨማሪ 10 ቫዮሊን ይገዛ» ይላል፤ መጠኑን ግን አይናገርም። ቫዮሊን እንደ ጫማ በልክ ነው የሚሰጠው። ልጁ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ከአንገቱ ሥር እስከ መዳፉ መሐል ይለካል፦ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ መጠን፣ ከ56 እስከ 59 ከሆነ 3/4፣ ከ51 እስከ 55 ከሆነ 1/2። «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ የተሰጠው ልጅ ትከሻውን ያነሳል፣ የእጁን አንጓ ያጥፋል፣ አራተኛ ጣቱም ቦታው ስለማይደርስለት ድምፁ ሁልጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ ሁሉም ልጅ ይለካ፣ ግዢው ከልኬቱ በኋላ ይወሰን። እንደ እኔ ግምት የሚያስፈልገን 3/4 ነው፤ ሙሉ መጠን ተርፎናል።

ሁለተኛው ጉዳይ አየሩ ነው። ለእንጨት መሣሪያ የሚመቸው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። አዲስ አበባ ከጥቅምት በኋላ ትደርቃለች፦ እንጨቱ ይኮማተራል፣ መቃኛው ይንሸራተታል፣ የጎኑ መጋጠሚያ ይከፈታል። በክረምት ደግሞ መቃኛው ያብጥና አልዞር ይላል፤ ልጁ በጉልበት ሲያዞረው ይሰበራል። ለደረቁ ወራት ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ወጪውም ኢምንት ነው። ስፖንጁ ግን መንጠባጠብ የለበትም።

መጋጠሚያው ሲከፈት ወላጆች በአናጢ ነጭ ኮላ ያስለጥፉታል። ይህ በውል ላይ በግልጽ ይከልከል። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከቆዳ በሚሠራ ሙቅ ኮላ ነው፤ ያ ኮላ ሆን ተብሎ ከእንጨቱ ደካማ እንዲሆን ተደርጓል። ውጥረት ሲመጣ መጋጠሚያው ይከፈታል እንጂ ፊቱ አይሰነጠቅም። በነጭ ኮላ የተያዘ ግን በሚቀጥለው በጋ እንጨቱ ራሱ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ጥገናው ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል።

አራቱንም ክር በአንድ ጊዜ መፍታትም ይከልከል። ብሪጁ (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ይወድቃል፤ በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ ሳትጣበቅ የቆመችው ትንሽ የእንጨት ምሰሶ፣ ሳውንድ ፖስትም ልትወድቅ ትችላለች። እሷን መልሶ ለማቆም ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይጠይቃል። ክር የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ረቂቁ ላይ የክር ወጪ በብር ብቻ ተጽፏል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ስለጀመረ፣ በመስከረም የተያዘ ብር በጥር ያንኑ ያህል ክር ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ በጀቱ መጀመሪያ በብዛት ይጻፍ፣ ከዚያ በግዢው ሳምንት ዋጋ ይባዛ፣ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ፣ ግዢውም በነሐሴ በአንድ ጊዜ ይፈጸም። ያቀረብኩት ዝርዝር ይህ ነው፦ 24 ሙሉ የቫዮሊን ክር፣ በተጨማሪ 24 ቀጭኑ ኢ ክር ብቻውን (ቶሎ የሚበጠሰው እሱ ነው)፣ 6 የቪዮላ ሙሉ ክር፣ 4 የቼሎ ሙሉ ክር፣ 12 ሮዚን (የደጋን ፀጉር የሚቀባው ሙጫ)፣ 8 ሣጥን የክላሪኔት ሪድ (በአፍ የሚነፋበት ቀጭን ሸምበቆ) በ2 እና በ2½ ጥንካሬ፣ ለትራምፔት የቫልቭ ዘይት፣ ለትሮምቦን የስላይድ ቅባት። ከባለ ክር መሣሪያዎቹ 38 ደጋኖች (መምቻዎች) ግማሹ፣ ማለትም 19ኙ፣ ፀጉራቸው ይቀየር። የቤዝ ክር በየዓመቱ አይቀየርም።

በውሰት ላይ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ ወላጅ 3,000 ብር መያዣ ቢያስይዝ ጥንቃቄው ይጨምራል።

የወላጆች ተወካይ፦
እትዬ ገንዘብ ያዥ፣ በዚህ አልስማማም። 3,000 ብር ለአንዳንዱ ቤተሰብ ምንም አይደለም፣ ለሌላው ግን የወር ቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። መያዣ ስንጠይቅ መጀመሪያ የሚቀሩት ማኅበሩ የተቋቋመላቸው ልጆች ናቸው። ከዚህ ይልቅ አንድ ዋስ ይፈርም። የዕድር አባል፣ ዘመድ፣ የልጁ መምህር፣ ማንም አዋቂ ሊሆን ይችላል። ብር ያስያዘ ሰው «ከፍያለሁ» ይላል፤ ዋስ የጠራ ሰው ግን ዋሱን ማሳፈር አይፈልግም።

የሕግ ጉዳይ አባል፦
በዋሱ እስማማለሁ፤ ሦስት ነገር ይጨመርበት። ልጆቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ ውሉን የሚፈርመው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው፤ የልጁ ፊርማ ብቻውን አያስጠይቅም። በርክክብ ቅጹ ላይ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የፊቱ፣ የጀርባውና የአናቱ ፎቶ፣ የደጋኑና የሳጥኑ ሁኔታ ይመዝገብ፤ ነባር ጭረት ካልተመዘገበ ሲመለስ ጭቅጭቅ ነው። ሦስተኛ፣ በአገልግሎት የሚያልቀው (ክር፣ የደጋን ፀጉር፣ ሪድ) የማኅበሩ ወጪ ይሁን፤ በቸልተኝነት የጠፋ ወይም የተሰበረ ሲሆን ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይመልከተው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ቸልተኝነት ነው ተብሎ በስሙ ይጻፍ፤ ሙቀቱ ኮላውን ያላቅቃል፣ ቫርኒሹንም ያለሰልሳል።

ስለ አወቃቀሩ፦ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በማኅበር የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ቦርዱ ለራሱ የሥራ ዘመን ማራዘም አይችልም፤ ረቂቁ ላይ ያለው «ቦርዱ እንደ አስፈላጊነቱ ያራዝማል» የሚለው ሐረግ ይውጣ። 9 አባላት፣ የ3 ዓመት ዘመን፣ በየዓመቱ 3 ይውጡ። በመጀመሪያው ዙር ማን ቀድሞ እንደሚወጣ በዕጣ ይለይ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲቀየሩ የባንክ ፊርማውም፣ የመሣሪያ ዝርዝሩም፣ ለጋሹን የሚያውቀው ሰውም አብሮ ይሄዳል። ምልዓተ ጉባኤ 5።

የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአሠልጣኞች ክፍያ በቀጥታ ለልጆቹ ሥልጠና የሚውል ስለሆነ በፕሮግራም ሥር ይመዝገብ፤ አሁን ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር «ልዩ ልዩ» ውስጥ ተደባልቋል። ዓመታዊ ሪፖርት የሚቀርበው የበጀት ዓመቱ ካለቀ በሦስት ወር ውስጥ ስለሆነ ከኦዲተሩ ጋር ዓመቱ ሳያልቅ እንዋዋል። በሦስተኛው ወር የሚፈለግ ኦዲተር አይገኝም፣ ቢገኝም ይወደዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
መያዣውን አንስቻለሁ፣ ዋስ ይሁን። በቼክ ላይ ግን ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ በቂ ይሁኑ። ሁለት ብቻ ካሉ አንዱ ከከተማ ሲወጣ የአሠልጣኝ ክፍያ ይቆማል።

ኮንዳክተር (ያለ ድምፅ ተሳታፊ)፦
ስለ ቀን መቁጠሪያ ብቻ። የመጀመሪያው ኮንሰርት በጥር መጀመሪያ ተይዟል፤ ገና፣ ጥምቀትና የግማሽ ዓመት ፈተና እዚያው አካባቢ ናቸው። ወደ የካቲት ይገፋ። ሁለተኛው በግንቦት መጨረሻ፣ ከሰኔ ፈተና በፊት። ለአንድ ኮንሰርት 12 ቅዳሜ ያስፈልገኛል፦ 7ቱ በክፍል ተከፋፍለን፣ 5ቱ በሙሉ ኦርኬስትራ። በየሳምንቱ ሁሉን ሰብስቦ መጀመር ጉልበት መጨረስ ነው፤ ትሮምቦኑ 80 ባር (የዜማ ምት ክፍል) ቆጥሮ ይጠብቃል፣ ቪዮላው አልቻለበትም።

የትንፋሽ መሣሪያ አሠልጣኝ ማግኘት አይቸግርም፤ ከ«አርባ ልጆች» (በራስ ተፈሪ ዘመን የመጡት የአርመን ወጣቶች ባንድ) ጊዜ ጀምሮ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች የዳበረ ልምድ አገር ውስጥ አለ። የሚያጥረው የቪዮላና የቤዝ ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን በክፍለ ጊዜ እንክፈላቸው፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ከጠራናቸው ፈተና ሲደርስባቸው ይቀራሉ፣ አይፈረድባቸውም።

የተጫዋቾች ተወካይ፦
ጋሼ ኮንዳክተርና ቦርዱ ከፈቀዱ፦ የመቀመጫ ምደባ ፈተና ከመጋረጃ ጀርባ፣ ፈታኙ ተጫዋቹን ሳያይ ይሁን። የቦርድ አባል ልጅ ሲቀድም ምንም ቢችል «በአባቱ ነው» ይባላል፤ ይህ ልጁንም ይጎዳዋል። ከእኛም ሁለት ሰው በቦርድ ስብሰባ ቢቀመጥ።

የሕግ ጉዳይ አባል፦
ጥሩ ሐሳብ። ያለ ድምፅ ታዛቢ ሆነው ይቀመጡ፤ የሠራተኛና የግለሰብ ልጅ ጉዳይ ሲነሳ ይውጡ። ወላጅ የሆነ የቦርድ አባልም የራሱ ልጅ ያለበት ምደባ ወይም ድጎማ ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

የወላጆች ተወካይ፦
በደኅንነት ላይ፦ በማንኛውም ልምምድ ቢያንስ ሁለት አዋቂ፣ የግል ትምህርት በሩ ክፍት ሆኖ፣ ልጅ የሚረከበው ስሙ በቅጹ ላይ ላለ ሰው ብቻ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚያልቅ ልምምድ አይኑር፤ ቼሎ ተሸክሞ በጨለማ ታክሲ መጠበቅ ለ13 ዓመት ልጅ አይሆንም።

በዋሽንግተን ያለ አባል፦
እዚህ ሆኖ መሣሪያ ለመለገስ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ችግሩ ምን ይላካል ነው። ደጋን የሌለው፣ ብሪጁ የወደቀ፣ አንገቱ የላላ ቫዮሊን በነፃ ቢመጣም ውድ ነው። ከመቀበላችን በፊት ስድስት ፎቶና መጠኑ ይጠየቅ፤ ሙሉ መጠን ከሆነ እናመሰግን፣ አንቀበል። የዕቃ ዝርዝርና የስጦታ ደብዳቤ ከማኅበሩ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ይድረሰን፤ ጉምሩክ ላይ ከቆመ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ዕቃውን መጋዘን ያሳድረዋል። ክርና ሪድ ቀላል ስለሆኑ በመንገደኛ ይመጣሉ። መሣሪያ በአውሮፕላን ሲጫን ክሩ ግማሽ ድምፅ ያህል ይላላ፣ ፈጽሞ አይፈታ፣ ከብሪጁ ሥርና ላይ ለስላሳ ጨርቅ ይደረግ።

ጸሐፊ፦
አስተያየቶቹን አስገብቻለሁ። የተቀየሩት፦ «10 ቫዮሊን» የሚለው «በመስከረም ልኬት መሠረት፣ ቅድሚያ ለ3/4» ሆኗል፤ መያዣው ወጥቶ ዋስ ገብቷል፤ ኮንሰርቶቹ የካቲትና ግንቦት ናቸው፤ የሥራ ዘመን ማራዘሚያው ተሰርዟል። የኮንሰርት ክፍሉ ወደ ግማሽ ገጽ ወርዷል። ያልተዘጋው የቤዝና የቼሎ ማደሪያ ብቻ ነው።

የመሣሪያ ኃላፊ፦
ሁለቱ ቤዞች ከልምምድ ቦታ አይወጡ፤ ሚኒባስ አይጭናቸውም፣ ሲጓጓዙም መጀመሪያ የሚሰበረው አንገታቸው ነው። ቼሎ ወደ ቤት ይወሰድ። ለቤዞቹ ከውጭ ግድግዳና ከመስኮት የራቀ፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን ይሠራ፤ በጎናቸው ይተኙ እንጂ ግድግዳ ተደግፈው አይቁሙ። አናጢው ዋጋ እስከ ሐሙስ ያመጣል፤ ከመጠባበቂያው ከወጣ ረቂቁ ሳይነካ ያልፋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ከመጠባበቂያው አይሆንም፣ እሱ ለክር ነው። ከግንቦት ኮንሰርት የአዳራሽ ማስዋቢያ ላይ ይነሳ።

ጸሐፊ፦
ተቃውሞ ከሌለ እንደዚያ ጽፌ ዓርብ እበትነዋለሁ።