የመኪና ፓራውልት (ባምፐር) ላይ የተጣበቀ ታርጋ ቀለሙን ሳይልጥ እንዴት ይነሳል?

ጀማው እንዴት ናችሁ፣ ደሴ ነው ያለሁት፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። በቅርብ የገዛኋት ቪትዝ የፊት ታርጋዋ በብሎን አልታሰረም፣ የድሮው ባለቤት ፓራውልቱን መብሳት ሳስቶ ይሁን ምን በሁለት ፊት በሚለጥፍ ፕላስተር ለጥፎት ዳር ዳሩን ደግሞ ሲሊኮን ሞልቶበታል። አሁን ታርጋው ተጣሞ ቁጥሩ በደንብ አይነበብም፣ ትራፊክ ሳያስቆመኝ አንስቼ ላቃናው ብል ንቅንቅ የለም።

ጋራዥ ብወስደው ልጁ ካቻቢቴ ይዞ ሊፈነቅለው ሲል ኧረ በአላህ ብዬ አስቆምኩት። ፓራውልቱ እኮ እንደገና የተቀባ ነው፣ የፋብሪካ ቀለም ቢሆን ይሻል ነበር፣ ይሄኛው ግን እንደ ድንች ልጣጭ ነው የሚነሳው። ቲነር የምትሉ ካላችሁ እሱን ተዉት፣ ከሙጫው በፊት ቀለሙን ነው የሚበላው።

የሰማሁት ዘዴ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ሙጫው ሲለሰልስ ከኋላው ቀጭን ናይለን አስገብቶ ግራ ቀኝ እየሳቡ መቁረጥ ነው። ናይለኑ አያሳስብም፣ ሐይቅ አሳ የሚያጠምድ ዘመድ አለኝ። ጭንቀቴ ሙቀቱ ነው፣ የፓራውልቱ ፕላስቲክ ቢጣመምስ? የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ ሙጫው ድንጋይ ሆኗል፣ ኮምቦልቻ ወርጄ ቀትር ላይ ፀሐይ ባስመታት ይሻል ይሆን እያልኩም ነው (አትሳቁ)።

የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ፣ ምን ያህል ነው የሚሞቀው፣ ሲሊኮኑንስ መጀመሪያ በምን ልቁረጠው፣ ተጣብቆ የሚቀረውን ሙጫ በላምባ ባሸው ቀለሙን ያደበዝዘዋል? በተለይ ቀለም ቀቢዎች መልሱልኝ።