ባዛር ላይ ማር ማስቀመስ፦ በምን ዕቃ? ምን ያህል?

የሳሲቷ
ሰላም ለሁላችሁ። ለገና ባዛር ደብረ ብርሃን ማር ይዤ ልወጣ ነው። ሦስት ዓይነት አለኝ፦ የአደይ አበባ፣ የባሕር ዛፍ፣ ሌላው ደግሞ ሰፈፉ ያልወጣለት የጠጅ ማር። ገዢ ሁሉ «እስቲ ልቅመሰው» ማለቱ አይቀርም፤ ጣቱን የሚሰድም አለ። በምን ላስቀምስ? ምን ያህል ማር ልመድብ? ብርዱ ሲያረጋውስ «ስኳር ገብቶበታል» ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

አውራ ንብ
እህቴ፣ ቀጂዋ አንቺ ብቻ ሁኚ። ጣትም ሆነ የተላሰ ማንኪያ ወደ ዕቃው ሲመለስ ያየ ሰው ቀምሶ አይገዛም። ማሩን ኬቻፕ በሚደረግበት፣ አፉ ጠባብ በሆነ የላስቲክ ጠርሙስ ገልብጪው፤ ሲጫኑት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ሰው ጣቱን ሳይዘረጋ ማንኪያውን ቀድመሽ አቀብዪው፤ ክልከላ አያስፈልግሽም። ስቴኪኒ አይሁን፤ ማር አይዝም፣ ጫፉም ምላስ ይወጋል። ትንንሿ የፕላስቲክ ማንኪያ ትሻላለች፤ አንዴ ከተላሰች ወደ መጣያ።

መጠኑን ተጠንቀቂ። ሙሉ የሻይ ማንኪያ 7 ግራም ያህል ማር ይይዛል፤ በዚያ ከሄድሽ ኪሎው 140 ሰው ላይ ያልቃል። በማንኪያ ጫፍ 2 ግራም ካደረግሽው 500 ቅምሻ ይወጣዋል፤ ጣዕሙን ለመለየት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። መጀመሪያ «ለምን ፈልገውት ነው?» ብለሽ ጠይቂና የሚሆነውን ብቻ አቅምሺ። ሁለቱንም ካሉ አደዩ ይቅደም። የባሕር ዛፉ ጠንካራ ስለሆነ ከቀደመ የአደዩን መዓዛ ይውጠዋል። በመሃል አንድ ጉንጭ ውሃ ስጫቸው።

የጠጁን ማር በማንኪያ አታስቀምሺ። ጠጅ የምትጥል ሴት ከጣዕሙ ይልቅ የሰፈፉን ብዛት፣ እጭና የሞተ ንብ መኖሩን፣ የጭስ ሽታውን ነው የምታየው። ነጭ ሳህን ላይ ጥቂት ዘርግተሽ አሳያት።

የቆላው
ስለ መርጋቱ ልጨምር። ማር ፈጥኖ የሚረጋው 14 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የታኅሣሥ ብርዷ ማርን ያረጋል፤ ጣርማበርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ ያው ማር ፈሳሽ ሆኖ ይሰነብታል። ስለዚህ የማስቀመሻውን ጠርሙስ ሳፋ ላይ በተደረገ፣ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ቴርሞሜትር ከሌለ እጅ ነክረው ሳይጨነቁ የሚያቆዩበት ሙቀት ይበቃል። ፈላ ያለ ውሃ በፔርሙስ ይያዙና ሳፋው በቀዘቀዘ ቁጥር እየቀላቀሉ ያድሱት። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ማር ግን መዓዛው ይጠፋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ከሳፋው ሲያወጡት ጠርሙሱን በደንብ ይጥረጉ፤ ውሃ የገባበት ማር ይቦካል። የማር እርጥበት ከ20 በመቶ ባያልፍ ነው የሚመረጠው።

አንድ ነገር አደራ፦ ማሰሮው ወይም ብልቃጡ ውስጥ ያለው ረግቶ ከሆነ የረጋውንም ያስቀምሱ። ፈሳሹን ቀምሶ የረጋ የገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ የተታለለ ይመስለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው «አንድ ማር ነው፤ ይህኛውን አሙቄዋለሁ» ይበሉ። የሚረጋው ግሉኮስ የሚባለው የራሱ የማሩ ስኳር ነው። ክብሪት ለኩሶ ወይም ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ «ንጹሕ ነው» ማለትን ግን ይተዉ። ክብሪቱ ቢያሳይ እርጥበትን ነው፤ የተቀላቀለ ስኳርን በእርግጥ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

ወለላ
ሁለቱም ያላነሱት አለ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን አንዲት ጠብታም እንዳይሰጥ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የአዋቂ አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን ግን አይችለውም። እናት ወይም አያት ከራሳቸው ማንኪያ ለታቀፉት ልጅ ሊያልሱ ሲሉ በትሕትና አስቁሚ፤ ጠረጴዛው ላይም በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊ።

ሌላው ንብ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል አንዲት ንብ ክፍት ማር ካገኘች ተመልሳ ሌሎቹን ትጠራለች፤ ከዚያ በኋላ ማባረር ከባድ ነው። የጠርሙሱ ክዳን በየቅምሻው ይዘጋ፣ የተንጠባጠበው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ (ደረቅ ሶፍት ማሩን ያሰፋዋል እንጂ አያነሳውም)፣ ያገለገለው ማንኪያም ክዳን ባለውና ውሃ ባለበት ባልዲ ይግባ። የጠጁን ማር የምታሳዪበትንም ሳህን ሸፍኚው፤ ንብ የሚጠራው እሱ ነው።

የሳሲቷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቂት የጣዝማ ማርም አለኝ፤ እሱንስ ላስቀምስ?

አውራ ንብ
ለመድኃኒት ብሎ ለጠየቀ ብቻ፣ በራሱ ጠርሙስ። ጣዝማ ከንብ ማር የቀጠነና ጎምዘዝ ያለ ስለሆነ ሳይነገረው የቀመሰ ሰው ማሩ የቦካ ይመስለዋል። ውሃው ስለሚበዛም ቶሎ ይቦካል። እሱን ሳፋው ውስጥ አታሙቂው፤ ብርዱ ለእሱ ደግ ነው።