«እንግዳ ጦር አይጠራም» ብሎ የሚመክር ሰው

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ደሜ ፈልቷል። የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ከደሴ አሜሪካ ገብቷል፤ 20 ዓመቱ ነው። ለውትድርና ተመዝገብ የሚል ደብዳቤ ሲመጣበት ፒያሳ ፎርም ወደ ሞላለት ሰው ደወለ። ሰውየውም «ደብዳቤውን ቅደደው፤ እንግዳ ጦር አይጠራም» አለው! ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ግሪን ካርድ የያዘም ሆነ ጥገኝነት ያገኘ፣ በገባ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታው ነው። ወሩ ሊሞላ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ሰውየው ምን አጠፋ? እውነቱን ነው፤ እንግዳ ጦር አይጠራም። ባለአገሩ እያለ የእኛ ልጅ ስም ለምን ይሰፍራል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ባለአገሩማ 18 ሲሞላው ይመዘገባል። ግዴታው እኩል ነው።

ወረኢሉ፦ በተማሪ ቪዛ የሄደ አይመዘገብም፤ እንግዳው እሱ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ግን ኑሮውን ሊመሠርት፣ ነገ ዜግነት ሊጠይቅ የሄደ ነው። ወሎ የመጣ ሰው እድር ከገባ በኋላ «እንግዳ ነኝ» ብሎ ከቀብር ይቀራል?

ጦሳ፦ የእድር መዝገብ የሞተ ይቀብራል እንጂ ለሞት አይልክም። እድራችንን ከጦር አታገናኝ።

ወረኢሉ፦ ያልኩት ስለ ግዴታ ነው። ቃል አታጣምም።

ጦሳ፦ ያጣመምከው አንተ ነህ!

የኮምቦልቻ እናት፦ ልጆቼ፣ ስም ሲጻፍ ምን እንደሚከተል እኔ አይቻለሁ። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ታላቅ ወንድሜን ከሰኞ ገበያ አፍሰው ወሰዱት። የያዘው በርበሬ መንገድ ላይ ተበትኖ ቀረ። እሱም አልተመለሰም። «መመዝገብ ብቻ ነው» አትበሉኝ።

ወረኢሉ፦ እትዬ፣ ነፍሱን ይማርልን። እዚያ ግን የግዳጅ ውትድርና በፈረንጆቹ 1973 ቆሟል። ሶቪየቶች አፍጋኒስታን ሲገቡ ፕሬዚዳንቱ ካርተር በ1980 ምዝገባውን መለሰው እንጂ ከዚያ ወዲህ በዚህ መዝገብ ተጠርቶ የዘመተ የለም።

የኮምቦልቻ እናት፦ ካልጠሩት ለምን ይጽፉታል?

ጦሳ፦ ይህን መልሱ! እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት የተጻፈው ለማይጠሩት ሰው ነው?

ወረኢሉ፦ ጦርነት ቢመጣ ሊጠሩበት ነው የያዙት። ይህን አልካድኩም።

ሐይቅ ዳር፦ በቃ፣ አመናችሁ። እናት ልክ ናቸው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እናት ልክ ናቸው፤ የልጁን ዜግነት ግን ማን ይመልስለታል? 26 ከሞላው በኋላ ልመዝገብ ቢልም አይቻልም። ከዚያ እስከ 31 ዓመቱ ዜግነት ሲጠይቅ፣ ሳያውቅ እንጂ ሆን ብሎ እንዳልተወው ማስረዳት አለበት። «ደብዳቤው ደርሶኝ ነበር፤ ቅደደው ተባልኩ» ካለ በራሱ ላይ መሰከረ። እንግዳ ጦር አይጠራም ያለው ሰው ያኔ ቀርቦ ይከራከርለታል?

ከሚሴ፦ ሴቶችስ ይመዘገባሉ?

ወረኢሉ፦ ወንዶች ብቻ።

ጦሳ፦ ዜግነት ቢዘገይ ሰው አይሞትም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ወላሂ፣ ይህን የምትለው ያንተ ልጅ ስላልሆነ ነው። ዛሬ ማታ ደውዬ ይመዝገብ እለዋለሁ።

የኮምቦልቻ እናት፦ መጀመሪያ እናቱን ጠይቅ።