የማይግሬን መድኃኒት ጀምሬ የልብ ምቴ ወረደ፤ ላቁመው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማይግሬን ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ከታዘዘልኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ራስ ምታቱ ቀለል ብሎልኛል። ግን ከአልጋ ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኛል። የልብ ምቴን ስቆጥር በደቂቃ 52 ነው፤ ድሮ 75 ገደማ ነበር። ጣቶቼም በረዶ ይሆናሉ። ሕመሙ ሲነሳብኝ ደግሞ ከፋርማሲ ኢርጎታሚን ገዝቼ እወስዳለሁ። ፈርቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፕራኖሎሉን ልተወው?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ በራስሽ በአንዴ እንዳታቆሚው! ፕሮፕራኖሎል አድሬናሊን ልብን እንዳያፋጥን ያግዳል። ምቱ ዝቅ ማለቱ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ግን ልብ ይሮጣል። የልብ ደም ስር ችግር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የደረት ሕመም፣ ሲብስም ሃርት አታክ ሊያመጣ ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው፣ ያውም በሐኪም።
ዓይንሽን ማጨለሙ ግን ዝም የሚባል አይደለም። ዛሬውኑ ያዘዘልሽን ሐኪም አግኚው፤ ግፊትሽም ይለካ፣ ኢሲጂም (የልብ ምት ምርመራ) ተነሺ። ራስሽን ከሳትሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። አስም አለብሽ እንዴ? ካለብሽ ይህ መድኃኒት አይሆንሽም፤ ንገሪያቸው።

ፋርማሲስቱ፦
እኔን ያስደነገጠኝ ኢርጎታሚኑ ነው። ሐኪምሽ ያውቃል? ኢርጎታሚን ደም ስር ያጠባል። ከፕሮፕራኖሎል ጋር ሲሆን ይብሳል፤ ጣቶችሽ የሚቀዘቅዙት ከዚያ ሊሆን ይችላል። እስክትታዪ ኢርጎታሚኑን አትንኪው። ጣት ከገረጣ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ አስቸኳይ ነው።
ሰው በግልጽ ስለማያወራው አንድ ነገር ልጨምር። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኢርጎታሚን ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች ጋርም እንዲሁ። እጅ ወይም እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እባካችሁ፣ ስትገዙ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ።

ከሜሪላንድ፦
ለእኔ ማይግሬን የታዘዘው ሱማትሪፕታን የሚባል መድኃኒት ነበር። ከዋጥኩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረቴንና አንገቴን ጨመደደኝ። 911 (የአሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ) ደወልኩ። ኢሲጂውም የደም ምርመራውም ደህና ሆነ። ብዙ ጊዜ ከልብ እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ ግን ሳይታይ አይታወቅም። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የነበረበት፣ ግፊቱም ያልተስተካከለ ሰው አይወስደውም። ከኢርጎታሚን ጋርም ቢያንስ 24 ሰዓት መራራቅ አለበት።

ጠያቂዋ፦
ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። አስም የለብኝም። ኢሲጂው ላይ ምቱ ዝግ ከማለቱ በቀር ሌላ ነገር አልተገኘም። መጠኑን ወደ 20 ጠዋትና ማታ አወረደልኝ፣ ኢርጎታሚኑን አስተወኝ። ሲነሳብኝ ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፣ በሳምንት ከሁለት ቀን ሳይበልጥ። ዛሬ ጠዋት 61 ቆጠርኩ። እግዜር ይስጥልኝ።