የዋርካው ሥር ዳኝነት የመንግሥት ጉልበት ይጨመርለት? በታና ደሴት አለቆች ሥልጣን ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ለዚህ ሳምንት የቀረበው ጥያቄ ታናን የሚመለከት ነው። ፊደሉን ልብ በሉልኝ፤ የጎጃምና የጎንደሩ ጣና አይደለም። ታና በደቡብ ፓሲፊክ፣ በቫኑዋቱ ሪፐብሊክ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ፣ ያሱር የተባለ 361 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ሌት ተቀን የሚያጉረመርምባት ደሴት ናት። ካፒቴን ኩክ በ1774 የተራራውን ብርሃን ከባሕር ላይ አይቶ ወደ ደሴቷ ቢጠጋም ነዋሪዎቹ ወደ እሳቱ እንዳይወጣ ከለከሉት፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አገሪቱ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ ከያዙት አስተዳደር ነፃ የወጣችው በ1980 ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቷ የልማድ ሕግ የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኖ እንደሚቀጥል ይደነግጋል፤ መሬት ሁሉም በልማድ የባለቤቶቹና የዘሮቻቸው ነው ይላል፤ ማልቫቱማውሪ ለሚባለው ብሔራዊ የአለቆች ምክር ቤትም ቦታ ይሰጣል። ነገር ግን አንድ የመንደር አለቃ በጠብ፣ በስርቆት ወይም በትዳር ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ የሚያስፈጽምለት ፖሊስ የለውም። የዕርቁ አሳማ የሚቀርበው፣ ካሳው የሚከፈለው፣ ሰዎቹ እሺ ስላሉ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የአለቆቹ ፍርድ በሕግ አስገዳጅ ይሁን ወይስ እንዳለ ይቀመጥ የሚል ነው።

ነገረ ፈጅ፦
እኔ በግልጽ የምቃወም ሰው ነኝ፤ ምክንያቴም ከታና ሰዎች ራሳቸው የመጣ ጉዳይ ነው። በ1993 የቫኑዋቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ መዝገብ መረመረ። አንዲት የታና ተወላጅ በዋና ከተማዋ በፖርት ቪላ ስትኖር ከባሏ ጋር ተጣላች። አለቆች ተሰብስበው ወደ ደሴቷ መመለስ አለባት ብለው ወሰኑ፤ ፖሊሶችም እጃቸውን አስገቡበት፤ ሴትዮዋም ያለ ፈቃዷ ወደ ታና ተወሰደች። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን እንደ ጠለፋ ቆጥሮ ተከሳሾችን ጥፋተኛ ያለ ሲሆን፣ አለቆች በልማድ የሚሠሩበት ሥልጣን ሁሉ ከሕገ መንግሥቱና ከወጡት ሕጎች በታች መሆኑን እንዲያውቁ አሳሰበ። ልብ በሉ፣ አለቆቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ አላልኩም። እነሱ ትዳር ያስታረቁ መስሏቸው ነበር። አደጋው የመጣው የሽምግልናው ቃልና የፖሊሱ ክንድ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ሲገናኙ ነው። እናንተ አስገዳጅ ይሁን ስትሉ የምትጠይቁት ይህንኑ መገናኘት ቋሚ እንዲሆን ነው።

የሽማግሌ ልጅ፦
ወንድሜ ነገረ ፈጅ አንድ የተበላሸ ጉዳይ አንሥተው ስለ ሺዎቹ የተሳኩ ጉዳዮች ዝም ብለዋል፤ የተሳካ ዕርቅ መዝገብ ቤት ስለማይገባ አልፈርድብዎትም። ለማያውቁት ያህል ቦታውን ልግለጸው። ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት ቦታ ናካማል ይባላል፤ በታና ግን ናካማል እንደሌሎቹ የቫኑዋቱ ደሴቶች የተሠራ ትልቅ ቤት አይደለም፤ ሥሩ ከላይ ወደ መሬት እየወረደ ግንድ የሚሆን ዋርካ ያጠለለበት፣ ተጠርጎ የተደላደለ ሜዳ ነው። ሁለት ወገኖች ከተጣሉ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይነጋገራሉ። ማንም ተነሥቶ ወደ መሐል ይገባል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ሁለቱም ወገን አሳማ፣ ካቫ የተባለው የሚያሰክር መጠጥ የሚሠራበት ሥር፣ ምንጣፍና ቦዬ ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የበደለው ብቻ ሳይሆን የተበደለውም ያመጣል፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ቅጣት መቀበል ሳይሆን ሚዛን መመለስ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ካቫው ይዘጋጃል። ወጣት ወንዶች ሥሩን እያኘኩ በቅጠል ላይ ይተፉታል፣ በውኃ ይጠለላል፣ በኮኮናት ቅርፊት ይቀዳል። ጠጪው በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ የመጨረሻዋን ጉንጭ ወደ ጫካው በኃይል እንትፍ ይላል፤ ከዚያ ጋር ለአባቶች መንፈስ የሚናገረውን ጸሎቱን ያሰማል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም፤ ንግግር ሁሉ በሹክሹክታ ይሆናል፣ ጩኸት የካቫውን ስካር ያበላሻልና። ከጠዋት ጀምረው ሲጯጯሁ የዋሉ ሁለት ሰዎች በዚያ ዝምታ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያመሻሉ። ይህን የትኛው እስር ቤት ያደርገዋል? ባላንጣዎች ታርቀው የወጡበትን ወህኒ ንገሩኝና ሐሳቤን እቀይራለሁ። አለቃው ግን ይህን ሁሉ ደክሞ ካስታረቀ በኋላ አንዱ ወጣት ከከተማ ተመልሶ «አልከፍልም» ቢለው አቅም የለውም። መንግሥት ዋርካውን በሕገ መንግሥቱ ካከበረው፣ ዋርካው ሥር የተባለውንም ማክበር አለበት።

ታዛቢዋ፦
የሽማግሌ ልጅ የሣሉት ሥዕል ውብ ነው፤ ግን በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ፈልጌ አጣሁ። ካቫው በሚጠጣበት ሰዓት ሴት በዚያ ሜዳ አጠገብ እንኳ አታልፍም። ቀን በሚደረገው ጉባኤ ሴቶች ዳር ዳር ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ጉዳዩ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው እነሱን ነው። የታና ጋብቻ በብዙ ቦታ በልዋጭ የሚፈጸም ነው። እኅቴን ለናንተ ሰጥቻለሁ፣ እናንተም ሴት ትመልሳላችሁ፤ ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ትውልድ። እዳው በሰው ስለሚከፈል፣ «እሷ አልወድም አለች» የሚለው ቃል የአንዲት ልጅ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የሁለት መንደር ውል ማፍረስ ይሆናል። በ1987 ለሌላ መንደር የታጨች ልጅና የወደደችው ወጣት ከዚህ ውል ማምለጫ አጥተው አብረው ሕይወታቸውን አጠፉ። ከዚያ በኋላ ያኬልን በመሰሉ ልማድ አጥባቂ መንደሮች አለቆቹ በፍቅር ለሚመሠረት ትዳር ቦታ እንዲኖረው ተስማሙ። ልማዱ መለወጥ ይችላል ለሚሉት ይህ ማስረጃ ነው። የተለወጠበትን ዋጋም ማስረጃ አድርጌ አስመዘግባለሁ።

ፓርላማውም ቢሆን ያን ያህል የሚመካበት አይደለም። በ2020ው ምርጫ ከ52ቱ መቀመጫ አንዱን እንኳ ሴት አልያዘችም። ሆኖም ይኸው ፓርላማ በ2008 ባወጣው የቤተሰብ ጥበቃ ሕግ፣ ባል በልማድ መሠረት ለጋብቻዋ ከፍያለሁ ቢልም ክፍያው ሚስቱን ለመምታቱ መከላከያ አይሆነውም ብሎ ጽፏል። የአለቆች ምክር ቤት ለጥሎሽ በአገሪቱ ገንዘብ የ80 ሺህ ቫቱ ጣሪያ ቢያበጅም እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ግን አልጻፈውም።

መምህሩ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁትን የታሪክ ክፍል ልጨምር፤ ጉዳዩ ከምትሉት በላይ የቆየ ነውና ትንሽ ታገሡኝ። አለቆች ጉልበት ይጨመርላቸው የሚለው ሐሳብ በታና አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በሰፊው ሰብከው ብዙ ሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ መንደሮች ከሰበሰቡ በኋላ፣ «የታና ሕግ» ተብሎ የሚታወስ ሥርዓት ተተከለ። ካቫ ተከለከለ፣ ጭፈራ ተከለከለ፣ የቆየው የጋብቻ ወግ ተነቀፈ፤ ጥፋተኛውም ይቀጣ ነበር። ልብ የምትሉት ነገር ፈራጆቹ ነጮች ብቻ አለመሆናቸው ነው። በችሎቱ የተቀመጡት የተጠመቁ የታና አለቆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። የራሳቸው ሰዎች፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ከጀርባቸው ጉልበት ይዘው ፈረዱ። ውጤቱ ምን ሆነ? በ1940 እና በ1941 ጆን ፍሩም የተባለው እንቅስቃሴ ሲነሣ ሕዝቡ ከሚሲዮን መንደሮቹ በአንድነት ወጥቶ ወደ ካቫውና ወደ ጭፈራው ተመለሰ። አስተዳደሩ መሪዎቹን ለዓመታት ቢያስርም እንቅስቃሴው አልሞተም፤ ዛሬም በየዓመቱ የካቲት 15 ቀን፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ በሰልፍ ይከበራል። በውጭ አገር ጋዜጦች ይህ ሁሉ የሚወራው ከአሜሪካ በጭነት የሚመጣ ሀብት እንደሚጠብቅ እምነት ተደርጎ ነው፤ ለእኔ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የአለቃ ዱላን እምቢ ያለ ሕዝብ ታሪክ ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «አለቃ» የምንለው ማንን ነው? በታና ከማዕረጎቹ አንዱ ያኒ ኒኮ ይባላል፤ የታንኳው ተናጋሪ ማለት ነው፣ ታንኳውም ወገኑና መሬቱ ነው። ሥራው በስሙ ውስጥ አለ፣ ይናገራል። በሰሜን በምትገኘው በአምብሪም ደሴት ደግሞ ሰው ወደ ላይ የሚወጣው ክብ የዞረ ጥርስ ያላቸውን አሳማዎች እያረደ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ እየከፈለ ነው። እነዚህን ሁሉ «አለቃ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ በመዝገብ አስፍሮ የመቅጣት ሥልጣን ቢሰጣቸው፣ የሚፈጠረው ሹም ነው። ሹም ደግሞ እኛ የምናውቀው ፍጥረት ነው፤ ማስረዳት አያሻኝም።

የሽማግሌ ልጅ፦
መምህሩ ስለ ታና ሕግ ያሉትን እቀበላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። ነገር ግን አገሪቱ ያንን መንገድ ጀምራዋለች። በ2013 የወጣው የልማድ መሬት አስተዳደር ሕግ የመሬት ባለቤት ማን ነው የሚለውን ክርክር ከደሴት ፍርድ ቤቶች አውጥቶ ለናካማሎች መልሷል፤ እዚያ ተወስኖ የተመዘገበው የጸና ነው። በመሬት ጉዳይ ከታመኑ በተሰረቀ አሳማ ጉዳይ የማይታመኑበት ምክንያት ምንድን ነው? በዚያ ላይ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። ለእኛ ሲሆን ነውር ያልሆነ ለታና ሰው ሲሆን ነውር አይሁን።

ነገረ ፈጅ፦
ሁለቱንም ልመልስ። የመሬቱ ሕግ የሚያረጋግጠው ባለቤትነትን ነው፤ ማንንም አያስርም፣ ማንንም ከአንድ ደሴት ወደ ሌላ አይወስድም። በመሬቱም ቢሆን ነገሩ አላለቀለትም፤ በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳንቶ ደሴት አንድ ወንድም ከአንድ የታወቀ የባሕር ዳርቻ የሚገኘውን ገቢ የገዛ እኅቶቹን አግልሎ ብቻውን ሊበላ አይችልም ብሎ መወሰን ነበረበት። የኛን አንቀጽ 34ን በተመለከተ ደግሞ ወንድሜ ግማሹን ትተውታል። አንቀጹ «በተከራካሪዎቹ ፈቃድ» ይላል። የእኔም ሐሳብ ከዚያ አይርቅም። አለቃው ይዳኝ፤ ሁለቱም ወገኖች በቅድሚያ ፈቃደኝነታቸውን ዳኛ ፊት ከገለጹና ዕርቁም ከተመዘገበ፣ ፍርድ ቤት ያጽናው። ፈቃድ ከሌለ ግን ቃሉ ምክር ሆኖ ይቅር።

ታዛቢዋ፦
በፈቃድ የሚለው ቃል እንዳያዘናጋን እፈራለሁ። ለወንድሟ ሚስት በልዋጭ የተሰጠችን ሴት አስቡ። እሷ ባሏን ትታ ከወጣች ያኛዋም ሴት በወገኖቿ ትጠራለች፤ የወንድሟ ቤት ይፈርሳል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። «በአለቃው ለመዳኘት ፈቃደኛ ነሽ?» ተብላ ስትጠየቅ አዎ ትላለች። ጸሐፊውም ይጽፋል። ይህን ፈቃድ የትኛው ዳኛ ነው ከእውነተኛው ፈቃድ የሚለየው?

ነገረ ፈጅ፦
እህቴ ያነሡት ትክክል ነው፤ የተሟላ መልስም የለኝም። ቢያንስ ግን ወንድሟና አማቾቿ በከበቡት ዋርካ ሥር ከምትጠየቅ፣ የአስተዳደሩ መቀመጫ በሆነው በኢሳንጌል ዳኛ ፊት ብቻዋን ብትጠየቅ እመርጣለሁ።

ታዛቢዋ፦
እኔም እመርጣለሁ። ኢሳንጌል የምትሄድበት መኪና ግን የወንድሟ ነው፤ የሚነዳውም እሱ።