«ጨለማው የእኛ አይደለም»? የማን ነው ታዲያ?

ሽምብጥ ማዶ፦ ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር የንባብ ምሽቱ ላይ የነበራችሁ መስክሩልኝ። አንድ ወጣት ጸሐፊ፣ ልጁ፣ አጭር ልብ ወለዱን አነበበ። ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ሆና መቃብር ትቆፍራለች። ሬሳውን በታንኳ ጭና ደሴቱ ላይ ወዳለው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ትሻገራለች። ጸጉሬ ነው የቆመው! ከዚያ አንድ ጎልማሳ ተነሥተው «ይህ ጨለማ የእኛ አይደለም፣ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ጅብ ከመቼ ወዲህ ነው ከውጭ የመጣው?

የዘጌ ቡና፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ? ሥራ ውለን፣ ደክሞን የምንመጣው ሬሳ ሲበላ ለመስማት ነው እንዴ? የኑሮው ጨለማ አይበቃንም?

ሽምብጥ ማዶ፦ ስምህን የዘጌ ቡና ብለህ እዚያው ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም ማለት ነው። በላዔ ሰብ የሰው ሥጋ ሲበላ ግድግዳው ላይ ተሥሎልሃል። 78 ነፍስ! እናቶቻችን በጣት እያሳዩን ነው ያደግነው። እሱ ጨለማ የማን ነው?

የዘጌ ቡና፦ ታሪኩን ጨርሰው እንጂ! ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ዳነ። መጨረሻው ምሕረት ነው። የእናንተ ልጅ ታሪክስ የት ላይ ያበቃል? ጅቢቱ በልታ ጠግባ ጥርሷን ስትፍቅ!

ታንኳ ቀዛፊ፦ ጨለማውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር ዳጋ በአንድ ሰዓት ደረሰች ይላል። በሞተር ጀልባ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው! በደንገል ታንኳ፣ ያውም ሬሳ ጭና! ደንገል ውሃ ይጠጣል እኮ። ደግሞ ዳጋ ሴት አይገባም።

ግሽ ዓባይ ሰፈር፦ ጅብ ሆና ነዋ የገባችው።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ሴት ጅብም ሴት ናት።

አንባቢ ነኝ ባይ፦ ይኸው፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ እናውራ ብለን የጅብ ጾታ ምርመራ ውስጥ ገባን። ለነገሩ ጸሐፊው አዲስ አበባ ያደገ ነው መሰለኝ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።

ሽምብጥ ማዶ፦ ልጁ እዚሁ ቀበሌ 14 ነው ያደገው። ቁርበቱን ለራስህ አንጥፍ።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦ ሁላችሁም ስለ ጅቡ ታወራላችሁ። ሸክላ ሠሪዋን ማንም አላነሣም። የእኔ እናት ሸክላ ሠሪ ናት። ገበያ ስትቀመጥ ጀበናውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው፣ ስንጥቅ እንደሌለው በጆሯቸው ሰምተው፣ ተከራክረው ይገዟታል። ልጅ ያዘለች ሴት ስታልፍ ግን የልጁን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። እናቴ አጎንብሳ ሣንቲም እንደምትቆጥር ታስመስላለች። «የእኛ አይደለም» ያሉት ሰውዬ ተሳስተዋል፤ የእናንተው ነው። ልጁም ያንኑ ሐሜት አሳምሮ ነው ያነበበላችሁ።

ሽምብጥ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ይቅርታ። ግን ታሪኩ ላይ የምታሳዝነው እሷው ናት እኮ። ሰፈሩ ስለገፋት ነው ጅብ የሆነችው።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦ «ገፍተዋት ጅብ ሆነች» እና «ጅብ ናት» ለእናቴ ምን ለውጥ አላቸው?

የዘጌ ቡና፦ አያችሁ? እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦ አላልክም። አንተ ደክሞኛል ነው ያልከው።

አንባቢ ነኝ ባይ፦ እንዲህ ከሆነ ቡዳም፣ ዛርም፣ ደብተራም አይነሣ ማለት ነው። ምን ቀረን? ስለ ዘንባባና ስለ ጀምበር መጥለቂያ እየጻፍን ባሕር ዳርን ፖስት ካርድ እናድርጋት?

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦ አይጻፍ አልወጣኝም። ትናንት ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በአንድ ሌሊት ጠፍጥፋ በዚያው ሌሊት ተኮሰችው የሚለው ጋ ስደርስ ሳቋ መጣ። እርጥብ ሸክላ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ቀናት ደርቆ ነው የሚተኮሰው። «ይህ ልጅ ጭቃ ነክቶ አያውቅም» አለችኝ። ስለ ጅቡ አንድም ቃል አልተናገረች።

ታንኳ ቀዛፊ፦ ታንኳም ነክቶ አያውቅም። ብያለሁ!

ሽምብጥ ማዶ፦ ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜም ይመጣል። ናና ፊት ለፊት ንገረው። እናትህንም ይዘሃት ና።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦ ቅዳሜ ገበያ ናት።

የዘጌ ቡና፦ እኔ እንኳ አልመጣም።

ሽምብጥ ማዶ፦ ማን ጠራህ?

ግሽ ዓባይ ሰፈር፦ ቆይ ግን፣ ጅብ ዋና አይችልም እንዴ? ታንኳው ለምን አስፈለጋት?